ውሻ በበላበት ይጮሃል፤ ሲናከስስ የማን ነው?

በየከተማው የግቢ በር ላይ በቆርቆሮ ተጽፎ የሚሰቀል ማስታወቂያ አለ። «ኃይለኛ ውሻ አለ» ይላል። ማስታወቂያው የተጻፈው ከውጭ ወደ ውስጥ ለሚገባ ሰው ነው። እንግዳው በሩን ያንኳኳል፣ የቤቱ ሰው ወጥቶ ውሻውን ይይዛል፣ ነገሩ በሰላም ያልቃል። ማስታወቂያው የማይሠራው ውሻው ራሱ ከበሩ ውጭ በተገኘ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ በሥፍራው የለም፤ ቢኖርም ከሩቅ ሆኖ «አይዞህ፣ አይናከስም!» ከማለት አያልፍም።

አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር፣ ኢንጅባራም ሆነ ዳንግላ፣ የውሻ ነገር ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው «ባለቤት አልባ» በሚባሉት ላይ ነው። ማዘጋጃ ቤት ለምን አያስወግድልንም ይባላል። ይሁንና በየመንገዱ ከሚዞሩት ውሾች ብዙዎቹ ቤት አላቸው። ቀን በሰንሰለት ታስረው ወይም ከአጥር ጥላ ሥር ተኝተው ይውላሉ፣ ሲመሽ በሩ ይከፈትላቸዋል፣ ጎህ ሲቀድ ተመልሰው በራቸው ላይ ይገኛሉ። በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የተደረጉ ቆጠራዎች የሚያሳዩትም ይህንኑ ነው። ልቅ ሆኖ የሚታየው ውሻ በአብዛኛው የአንድ ቤተሰብ ነው፤ የጎደለው ባለቤት ሳይሆን አጥር፣ ማሰሪያና ክትባት ነው።

አበው «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ይላሉ። ነገሩን ገልብጠን ብናየው ጥሩ መመዘኛ ይወጣዋል፤ ውሻው የሚጮኸው ለማን በር ከሆነ፣ የሚበላውም ከማን ደጅ ከሆነ፣ ባለቤቱ እርሱ ነው። የተለመደው ግን ሌላ ነው። ውሻው ሌባ ሲያባርር «የኔ ውሻ» ይባላል፣ የጎረቤት ልጅ ሲነክስ «እኛ እንኳ ፍርፋሪ ስንጥልለት የመጣ ነው» ይባላል።

ከተማና ገጠር በአንድ ላይ

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ከተሞች ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ኢንጅባራ፣ በሌላ ስሟ ኮሶበር፣ የዞኑ ዋና ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አስፋልት መሐል ለመሐል ያልፍባታል። ዳንግላም በዚሁ መንገድ ላይ የምትገኝ የቆየች የገበያ ከተማ ናት። በሁለቱም ዘንድ የከተማ ኑሮና የእርሻ ኑሮ አልተለያዩም። ከፎቁ ጀርባ በግ ይረባል፣ በጎዳናው ላይ ባለ ፈረስ ጋሪ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋ ያልፋል። ውሻውም የገጠር ሥራውን እንደያዘ ከተማ የገባ ነው። ገጠር ሳለ ጅብ ሲመጣ መጮህ፣ የማያውቀውን ሰው ከማሳው ዳር ማባረር ሥራው ነበር፤ ይመሰገንበትም ነበር። ከተማ ውስጥ ግን የማያውቀው ሰው ማለት ተማሪው፣ ደብተራው፣ ውኃ ቆጣሪ አንባቢውና ሌሊት ወደ መናኸሪያ የሚሄደው መንገደኛ ሁሉ ነው።

በዚህ አካባቢ የተለቀቀ ውሻ የሚያደርሰውን ጉዳት የባሰ የሚያደርገው ፈረሱ ነው። ውሻ ሮጦ ከሚያልፍ ነገር ኋላ መሮጥ ደሙ ውስጥ ያለ ጠባይ ነው። ከጋሪ ፈረስ እግር ሥር ገብቶ ሲጮህ ፈረሱ ይደነብራል፤ ሰው የጫነ ጋሪ አስፋልት ላይ ሲደነብር ደግሞ የሚሆነውን መገመት አይከብድም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ይከበራል። በዚያን ዕለት ኢንጅባራ ከየወረዳው በሚመጡ የተሸለሙ ፈረሶች ትሞላለች። በእንዲህ ያለ ቀን ውሻን ግቢ ውስጥ አስሮ መዋል ለበዓሉም ለውሻውም ደኅንነት ነው፤ በእርግጫ የሚሞተው ውሻው ነውና።

ከኢንጅባራ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ፣ ዘንገና ሐይቅ አለ። እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጎድጓዳ ሥፍራ የተኛ፣ ዙሪያውን በደን የተከበበ፣ ጥልቀቱ 166 ሜትር እንደሆነ የሚጠቀስ ሐይቅ ነው። በስፋቱ ትንሽ ነው፤ በጥልቀቱ ግን ከአገራችን ሐይቆች ከሻላ ቀጥሎ ይነሳል። ሰው ለመዝናናት፣ ሙሽራ ለፎቶግራፍ፣ ተማሪ ለጉብኝት ይሄድበታል። በደኑ ውስጥ ጦጣዎችና ብዙ ዓይነት ወፎች አሉ። ውሻ ይዞ ወደዚህ ሥፍራ መሄድ ነውር የለበትም። ነውሩ እደርሳለሁ ብሎ ገመዱን መፍታት ላይ ነው። የተፈታ ውሻ ጦጣ ሲያይ ይሮጣል፣ መሬት ላይ የተቀመጠን ጎጆ ይበትናል፣ ሣር ላይ ምሳቸውን ዘርግተው ከተቀመጡ ሰዎች መሐል ይገባል። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ጠርዝ ቁልቁለት ስለሆነም ሮጦ የወረደን ውሻ መልሶ ማምጣት ቀላል ሥራ አይደለም። ጥሎት የሚሄደውን ኩስ በወረቀት አንስቶ ከውኃው ርቆ መቅበር የሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነው። የዘንገና ውኃ እንደ ወንዝ ጠርጎ የሚወስድ አይደለም፤ ከዳገቱ የታጠበው ሁሉ ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

በሌሎች የአደባባይ ሥፍራዎች ያለው ሥርዓት በአብዛኛው ሳይጻፍ የታወቀ ነው። ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም። ሙስሊም ጎረቤት ምራቁ ልብሱን እንዳይነካው ይጠነቀቃል፤ ያንን ማክበር የባለቤቱ ፋንታ ነው። ገበያ ውስጥ ውሻ ይዞ መግባት ራሱን ውሻውንም ማስጨነቅ ነው። በእግረኛ መንገድ ላይ ገመዱን አሳጥሮ በራስ በኩል መያዝ፣ ሕፃን ወይም አረጋዊ ሲመጣ ቆሞ ማሳለፍ፣ የሚፈራ ሰው ሲያዩ ደግሞ «አይናከስም» ብሎ ከመከራከር ዞር ማለት ይገባል። የሚፈራው ሰው የሚፈራው ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ማስረዳትም አይጠበቅበትም። መናከስ የለመደ ውሻ ከሆነ አፉን የሚሸፍን ማሰሪያ ሳያደርጉለት ከግቢ ማውጣት አይገባም።

ለሌላውም ወገን የሚነገር አለ። ልጆች ውሻን ሲያዩ ድንጋይ ማንሳት እንደ ጨዋታ ለምደውታል። በድንጋይ ያደገ ውሻ የሰው እጅ ሲነሳ ሁሉ ጠላት ይመስለዋል። ውሻ ሲመጣባቸው መሮጥ እንደሌለባቸው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ መጋፈጥም እንደማይጠቅም፣ ቆም ብሎ እጅን ሰብስቦ ቀስ እያሉ ወደ ጎን መራቅ እንደሚሻል፣ ምግብ የያዘ ወይም ቡችላ የታቀፈ ውሻ እንደማይነካ ማስተማር ያስፈልጋል።

ውሻን መንከባከብ ለእኛ የመጣ የፈረንጅ ልማድ ነው የሚሉ አሉ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ትንሿ ውሻ ሉሉ መቃብሯ እስከዛሬ በቤተ መንግሥቱ ግቢ እንዳለ ልብ ይሏል። ደግሞስ ከጅብ ጋር ሲታገል ያደረ ውሻውን ቁስል በሙቅ ውኃ የሚያጥብ ገበሬ ከማን ተማረ?

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ጉዳይ ላይ አሻሚ አይደለም። በአንቀጽ 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ እንስሳው በድንገት አምልጦት የወጣ ቢሆንም፣ ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። «ገመድ በጥሶ ነው እኮ» የሚለው መከላከያ እንግዲህ በሕጉ ፊት ዋጋ የለውም። እንስሳውን ለራሱ ጥቅም የሚገለገልበት ሰውም በእጁ ሳለ ለሚደርሰው ጉዳት ይጠየቃል። ስለዚህ ሱቁን ሌሊት እንዲጠብቅለት የወንድሙን ውሻ ተውሶ ያሰረ ነጋዴ «የኔ አይደለም» ብሎ አያመልጥም።

በዚያው ክፍል ፈገግ የሚያሰኝ ድንጋጌም አለ። የቤት እንስሳ ባለቤት ጉዳት ያደረሰውን እንስሳ ለተጎጂው በማስረከብ ከኃላፊነት ነፃ ሊወጣ ይችላል። በሬ ከሆነ ተጎጂው ይደሰት ይሆናል፤ የነከሰውን ውሻ ተረክቦ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ግን አይኖርም። ደግሞም ይህ መውጫ የሚሠራው ባለቤቱ ጥፋት ከሌለበት ብቻ ነው። ያልተከተበን ውሻ ሌሊት ሌሊት በር ከፍቶ መልቀቅ ጥፋት ነው ብሎ መከራከር ደግሞ ለማንም ጠበቃ አይከብድም።

በተግባር ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽምግልና ያልቃል። ሽማግሌዎች የሕክምና ወጪውን ያስከፍላሉ፣ ይቅርታ ያባብላሉ። መልካም ነው። ሆኖም ሽምግልናው ሁልጊዜ ሊረሳው የማይገባ አንድ ጥያቄ አለ። ውሻው የክትባት ወረቀት አለው ወይ? የቁስሉ ትንሽነት ብቻ ታይቶ የሚደረግ ዕርቅ አደገኛ ነው። ምክንያቱ ቀጥሎ ያለው ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ

የእብድ ውሻ በሽታ ወይም ሬቢስ በቫይረስ የሚመጣ የአንጎል በሽታ ነው። የሚተላለፈው በበሽተኛው እንስሳ ምራቅ ነው፤ በንክሻ፣ በጭረት፣ ወይም ክፍት ቁስልን በመላስ። ሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም፤ የሚያበቃው በሞት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰዎች እንደሚሞቱበት ይገመታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከመቶ 99 የሚሆኑት በሽታው የመጣባቸው ከውሻ ነው። ከሚነከሱት አሥር ሰዎች አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። በኢትዮጵያ በዓመት የሚሞተው ሰው ወደ 2,700 እንደሚደርስ የሚገመት ሲሆን፣ አገሪቱ በአፍሪካ በሽታው ከበረታባቸው መካከል ናት።

በሽታው አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ገና በተቆረቆረች ሰሞን፣ በነሐሴ 1895 ዓ.ም.፣ ትልቅ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ እንደተነሳባት ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት መዝግበዋል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ክትባቱን በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1885 በመሆኑ ያን ጊዜ መድኃኒቱ በዓለም ላይ ነበረ፤ እኛ ዘንድ አልደረሰም እንጂ። በኋላ የተቋቋመው ተቋምም የእርሱን ስም ይዞ ነበር። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለውን ሥፍራ የአዲስ አበባ ሰው አሁንም «ፓስተር» ይለዋል። እዚያ ይመረት የነበረው የቀድሞው ዓይነት ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ፣ በሆድ ዙሪያ ለተከታታይ ቀናት ከአሥር ጊዜ በላይ የሚወጋ ነበር። ብዙ ሰው ውሻ ነክሶት ሐኪም ቤት መሄድ የሚፈራው ያንን ወሬ ሰምቶ ነው። አዲሱ ክትባት እንደዚያ አይደለም፤ ክንድ ላይ አራት ወይም አምስት ጊዜ የሚሰጥ ነው።

የነከሰው ሰው የመጀመሪያ ሥራው ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት አይቶ መታጠብ ያስፈልጋል። ቡና፣ ቅቤ፣ በርበሬ ወይም ቅጠል ቁስሉ ላይ መነስነስ አይገባም። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። በርካታ ጤና ጣቢያዎች ክትባቱን ስለማይዙ ወደ ሆስፒታል መላክ ሊኖር ይችላል። ጸበል መጠመቅ የሚፈልግ ሰው ይጠመቅ፤ ጸበሉ ክትባቱን አይከለክልም፣ ክትባቱም ጸበሉን። የሚገድለው በመካከሉ የሚያልፈው ጊዜ ነው። በሽታው ከተነከሱ በኋላ በአብዛኛው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ተደብቆ ይቆያል፤ ከሳምንት እስከ ዓመትም ሊሆን ይችላል። «ቁስሉ ድኗል» ብሎ መዘናጋት የሚመጣው ከዚህ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ ከወረዳ ወደ ሆስፒታል መድረስ ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ውሻውን አስቀድሞ ማስከተብ ከምንጊዜውም በላይ ዋጋ የሚኖረው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። የነከሰውን ውሻ ወዲያው ቀጥቅጦ መግደል ልማድ ሆኗል። ባለቤቱ የሚታወቅና ሊያዝ የሚችል ውሻ ከሆነ አስሮ ለአሥር ቀን መከታተል ይበልጣል። በአሥር ቀን ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ተነካሹ ግን ውጤቱን ሲጠብቅ ሕክምናውን መጀመር አለበት እንጂ ቤቱ አይቀመጥም። ውሻው ከሞተ ወይም ከተገደለ በላቦራቶሪ የሚመረመረው አንጎሉ ስለሆነ ጭንቅላቱ በድንጋይ የተፈረካከሰ ውሻ ምንም አይናገርም። ሬሳውን በባዶ እጅ መንካትም አይገባም።

ያበደ ውሻ ሁሉ እየለሃጨ የሚሮጥ አይደለም። አንዳንዱ ዝም ይላል፣ ጨለማ ይወዳል፣ ድምፁ ይጎረናል፣ መንጋጋው ይንጠለጠላል። ባለቤቱ አጥንት ተሰንቅሮበት መስሎት እጁን ጉሮሮው ውስጥ ይከታል፤ ይህ እጅግ አደገኛ ነው። ፈረስ፣ አህያና ከብትም በውሻ ተነክሰው በዚህ በሽታ ይሞታሉ። በፈረሱ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ከሰውና ከከብት አልፎ የአገር ሀብት የሆነው ቀይ ቀበሮም ሰለባ ነው። በባሌ ተራሮች ከእረኞች ውሾች የተነሳ ሬቢስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003፣ በ2008ና በ2014 ቀበሮዎቹን ፈጅቷል። በዓለም ላይ የቀሩት ወደ 500 ብቻ ናቸው። በጎጃም ጮቄ ተራራ የነበሩት ዛሬ የሉም።

መርዝ ወይስ መርፌ?

ማዘጋጃ ቤቶች ለረጅም ዘመን የያዙት ዘዴ በሥጋ ውስጥ ስትሪክኒን የተባለ መርዝ አድርጎ ሌሊት መበተን ነበር። ጠዋት የከተማው ሰው ሬሳ እየዘለለ ወደ ሥራው ይሄዳል። ዘዴው ጭካኔ አለበት፣ ይህ ብቻ አይደለም፤ አይሠራም። የተከተበውንም ያልተከተበውንም አብሮ ይገድላል፣ ሬሳውን የበላውን ጥንብ አንሳ ይጨርሳል፤ ቆሻሻው ክምርና የሥጋ ቤቱ ትራፊ እንዳለ እስካለ ድረስ ደግሞ ክፍት የሆነውን ቦታ ሌላ ውሻ ይይዘዋል። የኢንዶኔዥያዋ ፍሎረስ ደሴት ሬቢስ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲገባባት የውሾቿን ግማሽ ያህል ፈጀች፤ በሽታው ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት አለቀቃትም።

ሜክሲኮ በሌላ መንገድ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1990 ሬቢስ 60 ሰው ገደለባት። በየዓመቱ ውሾችን በነፃ በዘመቻ መከተብ ጀመረች፤ በ1999 ሟቾቹ ሦስት ነበሩ፣ በ2006 አንድም አልነበረም። በ2019 የዓለም የጤና ድርጅት ከውሻ ወደ ሰው ከሚተላለፍ ሬቢስ ነፃ መሆኗን በማረጋገጥ የመጀመሪያዋ አገር አደረጋት። ሒሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ከተማ ካሉ ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚሻገርበት ድልድይ ይሰበራል። ውሾቹ ቤት ያላቸው መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ጠርቶ አስሮ የሚያመጣቸው ሰው አላቸውና። በየወረዳው ያለ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ በአንድ የገበያ ቀን በአንድ ቀበሌ ብዙ ሊሠራ ይችላል። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። የተሰጠው ወረቀት ከቤት ካርታና ከልጅ ክትባት ካርድ ጋር ይቀመጥ።

የበዓል ማግሥት

ለፋሲካና ለመስቀል በየቤቱ በግ ይታረዳል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ከታየ ባለቤቱ ይጸየፈውና «ለውሻ ጣሉት» ይላል። ለውሻ መጣል የማይገባው ግን እርሱ ነው። ያ ከረጢት የውሻ ትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ ሆዱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ወጥቶ ሣርና ውኃ ላይ ይቀራል፤ በግ ሲግጠው በግ ላይ፣ እጁን ያልታጠበ ልጅ ሲውጠው ልጅ ላይ ያው ከረጢት ይፈጠራል። ሌላም ዓይነት አለ። የበግ ጭንቅላት በጥሬው ለውሻ ሲሰጥ የሚተላለፈውና በጎቹን እያዞረ የሚገድለው በሽታ ደገኛው «አዙሪት» የሚለው ነው። የዳንግላ በግ እየተባለ የሚጠራው ዋሸራ የአካባቢው ገበሬ የገንዘብ ከረጢት ነውና ሁለቱን ከረጢቶች ማምታታት አያዋጣም። መፍትሔው ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር፣ ወይም ቀቅሎ መስጠት ነው። ኮሶበር በስሟ ውስጥ ኮሶ ያለባት ከተማ ናት፤ የሰውን ትል በኮሶ ስታስወርድ ለኖረች አገር የውሻን ትል በዓመት ጥቂት ጊዜ በእንስሳት ሐኪም ክኒን ማስወረድ እንግዳ ነገር አይሆንባትም።

በጾም ወራት ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ ትራፊ የለመደው ውሻ ይራባል፣ ይቆጣል፣ የቆሻሻ ክምር ይበትናል። ቤት ያለው ውሻ በጾሙም ቢሆን ከቤቱ መብላት አለበት፤ ሽሮ የነካው እንጀራም ምግብ ነው።

የቡችላም ጉዳይ አለ። ወንዱን ጎረቤት ይወስደዋል፤ ሴቶቹን የሚፈልግ ስለማይኖር በማዳበሪያ ተቋጥረው ከከተማ ዳር ይጣላሉ። ከእነዚያ የሚተርፉት ናቸው በእርግጥም ባለቤት አልባ የሚሆኑት። አንዲት ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትጠይቅ ትችላለች፤ በዚያን ሰሞን አሥራ አምስት ወንዶች ተከትለዋት በመንደሩ ሲዞሩ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች መንገድ ያጣሉ። ስለዚህ በዚያ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሴቷን በር ዘግቶ ማቆየት፣ የእንስሳት ሐኪም ባለበት ከተማ ደግሞ ሴቷን ማምከንና ወንዱን ማኮላሸት ይቻላል። ወይፈን ማኮላሸት ለሚያውቅ ገበሬ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የተኮላሸ ወንድ ውሻ ከቤቱ ብዙም አይርቅም፣ ከሌሎች ጋር መጣላቱም ይቀንሳል፤ ጅብ ሲመጣ መጮሁን ግን አይተውም።